ለዋልካ መሬት የትኛው የትራክተር ጎማ?

ጥያቄ፦ ከፎገራ ነው። ትራክተሬ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ነው። ሩዝ ካነሳሁ በኋላ ለሽምብራ በዲስክ ማረሻ ሳርስ ጎማው እዚያው ይሾራል፤ ማረሻውን ካላነሳሁ ንቅንቅ አይልም። ጥርሱ ስላለቀ ልቀይረው ነው። አንዱ ነጋዴ ለሩዝ ማሳ የተሠራ ጥርሰ ረጅም ጎማ አለኝ ይላል። ሌላው ደግሞ ረከስ ያለ፣ አር-4 የተባለ አሳየኝ። በጋ ላይ እህል ጭኜ በአስፋልት ወረታ እመላለሳለሁ። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ አር-4ን ይተዉት። ጥርሱ አጭርና ወፍራም ነው፤ የተሠራው ለመጫኛና ለመቆፈሪያ ማሽን ነው። ዋልካ ላይ ወዲያው ጭቃ ሞልቶበት ልሙጥ ይሆናል። ለሩዝ የተባለው አር-2 ነው፤ ጥርሱ ከተለመደው የእርሻ ጎማ እጥፍ ይጠጋል። ውሃ የተኛበትን ማሳ ለሚያቦካ ትራክተር ግሩም ነው። አስፋልት ላይ ግን ይነጥራል፣ ጥርሱም ቶሎ ይበላል። እርስዎ ሁለቱንም ስለሚሠሩ የተለመደው አር-1 ይበቃዎታል። ጥርሱ በሩብ ያህል የሚረዝመው አር-1ደብሊው ከተገኘ ደግሞ ይመረጣል።

ጥፋቱን ሁሉ በጎማው ላይ ግን አይጣሉ። ሩዝ ከታጨደ በኋላ የፎገራ መሬት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ነው። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት እፍኝ አፈር ያውጡና በመዳፍዎ መሃል ያሹት። ሳይሰበር እንደ ክር ከተሳበ ጥቂት ቀን ይታገሱ። እርጥብ ሳለ ቢያርሱ አዲስ ጎማም ይሾራል፣ ከሥር ያለው አፈርም ይጠቀጠቃል።

አዲሱን ከገጠሙ በኋላ መሾሩን ይለኩት። ጎማው ላይ በኖራ ምልክት ያድርጉ። ማሳው ውስጥ ማረሻውን አንስተው ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር የሄደውን ርቀት ይለኩ። ከዚያ እያረሱ እንደገና 10 ዙር። ለምሳሌ የመጀመሪያው 46 ሜትር፣ ሁለተኛው 40 ሜትር ቢሆን 13 በመቶ ሾሯል ማለት ነው። ከ10 እስከ 15 በመቶ ደህና ነው። ከዚያ ካለፈ ክብደት ጎድሏል ወይም ነፋሱ በዝቷል። በጣም ካነሰም አይደሰቱ፤ ትራክተሩ ከልክ በላይ ከብዶ ነዳጅ እየፈጀ ነው።

ክብደት ለመጨመር ርካሹ መንገድ ውሃ ነው። ቫልቩን ወደ ላይ አዙረው እስከ ቫልቩ ድረስ ንጹህ ውሃ ቢሞሉ የጎማው 75 በመቶ ገደማ ይሞላል። ከዚያ አይለፍ፤ ለነፋሱ ቦታ ያስፈልገዋል። የነፋሱን ልክ ጎማው የሚሸከመው ክብደት ይወስነዋል። ለእርሻ የኋላ ጎማ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ፒኤስአይ ይሞላል። ለመንገድ ተብሎ ድርቅ እስኪል የተነፋ ጎማ ግን ማሳ ውስጥ በመሃሉ ብቻ ነው የሚረግጠው።

ሲገዙ ሁለቱንም የኋላ ጎማ አንድ ዓይነት ያድርጉ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ካለ ያንብቡት። 2319 ማለት በፈረንጅ 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ «አዲስ ነው» ተብሎ ይሸጣል።

ጎሚስታው ሲገጥም ደግሞ አጠገቡ ይቁሙ። ከትራክተሩ ኋላ ሆነው ሲያዩ የጥርሶቹ ሹል ወደ ላይ ማመልከት አለበት። ተገልብጦ ከተገጠመ ጭቃውን ወደ ጎን መግፋቱ ይቀርና መሃሉ ላይ ይሰበስበዋል።