ጥያቄና መልስ፦ ሙቀቱ ሳይበርድ መንገድ ለሚወጡ

እረፍቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው፣ ሙቀቱም ገና ሳይበርድ፣ ቤተሰብ ይዞ በመኪና ረጅም መንገድ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። የሰሞኑ ደብዳቤዎችም አብዛኛዎቹ ስለዚሁ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። ግማሽ ያህሉ የመኪና ጥያቄ ቢመስሉም ሲገላለጡ የሰዓት ጥያቄ ሆነው ተገኝተዋል።

«ስልኬ ላይ ያለው ካርታ 480 ኪሎ ሜትሩን በ6 ሰዓት እንደምጨርስ ይነግረኛል። ባለቤቴ ደግሞ 8 ሰዓት ይፈጃል ባይ ናት። ማንን ልመን?»

ባለቤትዎን። ካርታው የሚያሰላው ጎማው የሚሽከረከርበትን ጊዜ ብቻ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ከነዱ 480 ኪሎ ሜትር በእርግጥ 6 ሰዓት ይወስዳል። ሰው ግን በየ2 ሰዓቱ ወርዶ እግሩን ማፍታታት አለበት። ሁለት የ15 ደቂቃ ፋታ፣ የ45 ደቂቃ ምሳ፣ ነዳጅ ለመቅዳት 15 ደቂቃ፣ «ሽንቴ መጣ» ለሚል ልጅ ሌላ 15 ደቂቃ ይደምሩበት፤ 7 ሰዓት ከ45 ሞላ።

የባከነውን በፍጥነት አካክሳለሁ ማለትም አያዋጣም። 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ100 ሲነዱ 3 ሰዓት ይፈጃል፤ በ110 ቢነዱ የሚያተርፉት 16 ደቂቃ ነው። የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ግን መኪናውን ወደ ኋላ የሚገፋው አየር በ21 በመቶ ይበረታል፤ ነዳጁም አብሮ ይጨምራል። ያቺን 16 ደቂቃ ደግሞ ያ ልጅ አንዴ ሲወርድ ይጨርሳታል። ለሚጠብቅዎ ዘመድ የመድረሻ ሰዓት መንገር ግድ ከሆነ ከገመቱት 1 ሰዓት አዘግይተው ይንገሩ።

«አምስት ሰውና ሙሉ ጓዝ ልንጭን ነው። ጎማው ጎን ላይ ‹ከፍተኛ 44 ፒኤስአይ› ተብሎ ተጽፏል። እስከዚያ ላስነፋው? መንገድ ላይ ሞቆ ንፋሱ ከጨመረስ ላስተንፍሰው?»

ሁለቱንም አያድርጉ። ፒኤስአይ የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው፤ ጎማው ጎን ላይ ያለው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ ለእርስዎ መኪና የታዘዘው ልክ አይደለም። የታዘዘው ልክ በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ ወይም በነዳጅ መቅጃው ክዳን ውስጥ ተለጥፏል። ብዙ መኪኖች ላይ ሁለት ረድፍ ያገኛሉ፤ አንዱ ለቀላል ጭነት፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት። የእርስዎ ሁለተኛው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የኋላ ጎማዎቹ ከፊቶቹ ከፍ ያለ ንፋስ ይታዘዝላቸዋል።

የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው፤ ማለትም መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ቆሞ ወይም ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሳይነዳ። የጎማው ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲለዋወጥ ንፋሱ በ1 ፒኤስአይ ገደማ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጠዋት 33 የነበረው ጎማ ቀትር ላይ 38 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ያንን አስተንፍሰው 33 ካደረጉት ማታ ሲበርድ 28 ላይ ያገኙታል። ንፋስ የጎደለው ጎማ ጎኑ በየዙሩ እየታጠፈና እየተዘረጋ ውስጡ ይግላል። በሙቀት ቀን፣ ከነሙሉ ጭነቱ በፍጥነት ሲሄድ የሚፈነዳውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ጎድሎት የከረመው ነው።

ጎሚስታው ዘንድ ሳሉ ስኮርታውንም ያስለኩ፤ ዓመት ሙሉ ማንም አይነካውም። ቀጭኑ ጊዜያዊ ስኮርታ ብዙውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ ይፈልጋል፣ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይም አይነዳበትም። ክሪኩና የቡሎን መፍቻው በቦታቸው መኖራቸውን ይዩ። ጎማዎ ሌባ እንዳይፈታው የሚቆልፍ ቡሎን ካለው ልዩ መፍቻውን ያግኙት፤ እሱ ከሌለ ጎማው አይወጣም። የጎማውን ዕድሜ የሚናገሩት ‹ዲኦቲ› በሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ናቸው፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው።

ጎማ መቀየር ከመጣ ቡሎኖቹን ግማሽ ዙር የሚያላሉት መኪናው በክሪክ ሳይነሳ በፊት ነው፤ ከተነሳ በኋላ ጎማው አብሮ ይዞራል። ሲያጠብቁ በዙሪያው ተራ ሳይሆን በተቃራኒ በተቃራኒው እየዘለሉ ይሂዱ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላም ቆመው እንደገና ይሞክሯቸው።

«ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ቀይ ውስጥ ገባ። ውሃ ይዤ ነበር፤ ግን የራዲያተሩን ክዳን ልክፈት አልክፈት እያልኩ ብዙ ቆየሁ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

ማመንታትዎ ፊትዎን አትርፎልዎታል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃና ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የታመቀ ስለሆነ ከ120 ዲግሪ በላይ ሞቆ እንኳን ላይፈላ ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት እመቃው በቅጽበት ይጠፋል፣ ውሃውም ባንዴ ፈልቶ ወደ ከፋቹ ይወረወራል።

መርፌው ከወትሮው ከፍ ማለት ሲጀምር፣ ቀይ ሳይደርስ፣ ማቀዝቀዣውን ያጥፉና ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ መስኮቶቹንም ዝቅ ያድርጉ። ያልባል፣ ግን የማሞቂያው ቱቦ እንደ ሁለተኛ ትንሽ ራዲያተር ስለሚያገለግል ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ካልወረደ ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። እንፋሎት ከታየ ኮፈኑን እስኪቆም አይክፈቱ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ፤ አንድ ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው ሩብ ዙር ብቻ ያዙሩ፤ ‹ፍስስ› የሚለው ድምፅ ሲያልቅ ይክፈቱት። ውሃውን ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ባንዴ ከተደፋ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የመንገድ ዳር ብልሽት ወደ ትልቅ ወጪ የሚቀየረው እዚህ ላይ ነው። ንጹህ ውሃ እስከ ጋራዥ ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ተደፍቶ በትክክለኛው የኩላንት ድብልቅ መተካት አለበት።

ለመካኒኩ የሚጠቅመው «ሞቀ» የሚለው ቃል አይደለም፣ መቼ እንደሞቀ ነው። በመኪና መጨናነቅ ሞቆ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ከቀዘቀዘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማራገቢያው ነው። በተቃራኒው በፍጥነት ወይም በዳገት ብቻ ከሞቀ የተደፈነ ራዲያተር፣ የጎደለ ኩላንት ወይም በደንብ የማይከፈት ቴርሞስታት (ውሃው ወደ ራዲያተሩ የሚያልፍበት በር) ይጠረጠራል። መለኪያው ቀይ ላይ ሆኖ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ከነፋ ውሃው አልቋል ወይም አይዞርም ማለት ነው። የሞተር ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ካገኙት ደግሞ መኪናውን አስጎትቱት፣ አይንዱት።

«ረጅም ቁልቁለት ስንወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ፍሬኑም ላልቶ ወለል ነካ። ታች ስንደርስ ዳነ። ዝም ልበለው?»

አይበሉት። የሸተተዎት የፍሬን ሸራ ነው። ፔዳሉ ወለል የነካው ደግሞ የፍሬን ዘይቱ ስለፈላ ሳይሆን አይቀርም፤ ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ‹ዶት 4› የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ይታገሳል፤ እርጥበት ሲጠጣ የሚፈላበት ልክ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ለዚህ ነው ጥሩ ቢመስልም በየ2 ዓመቱ የሚቀየረው። የእርስዎን አሁኑኑ ያስቀይሩ፣ ሸራዎቹንም ያሳዩ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይቀንሱ፤ አውቶማቲክ ከሆነም ወደ ዝቅተኛው ይውሰዱት። ፍሬኑን ለስለስ አድርገው ረግጠው አይቆዩ፤ ጠንከር አድርገው ረግጠው ፍጥነቱ ሲቀንስ ይልቀቁ፣ ሸራው በመሃል አየር ያገኛል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ መውረድ ሞኝነት ነው። ዘመናዊ ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ነዳጁ ሳይረገጥ ሲወርድ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ በፎሌ ግን እንዳይጠፋ ሲል ያቃጥላል።

«ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥለኛል። ሙዚቃ ከፍ አድርጌ መስኮት ብከፍት ይበቃል?»

አይበቃም፤ ለጥቂት ደቂቃ ያታልላል እንጂ እንቅልፉን አይወስድም። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ሰውነት በተፈጥሮው ይፈዝዛል፤ ምሳው ያባብሰዋል። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት ያለው ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 4 ሰከንድ ቢያሸልብ ከ110 ሜትር በላይ ያለ ሾፌር ሄዷል። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ከመንገድ ወጥተው አስተማማኝ ቦታ ያቁሙ፣ ቡና ይጠጡ፣ ወዲያው ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይተኙ። ቡናው እስኪሠራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ሲነቁ ይደርስልዎታል። ከ20 ደቂቃ በላይ ከተኙ ግን ደንዝዘው የመነሳት ዕድል አለ፤ ወዲያው መሪ አይያዙ።

«የ7 ዓመቷ ልጄ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ታስመልሳለች።»

ጆሮዋ መንቀሳቀሷን ይነግራታል፣ መጽሐፍ ወይም ስልክ ላይ የተተከለው ዓይኗ ግን ቆመሻል ይላታል፤ አእምሮዋ የሚታመመው በሁለቱ አለመስማማት ነው። ስልኩን ይውሰዱባት። በኋላ ወንበር መሃል፣ የፊቱን መስታወት አሻግራ መንገዱን በምታይበት ቦታ በቀበቶና በልጆች መቀመጫ ያስቀምጧት፤ ለፊት ወንበር ገና ናት። ባዶ ሆድም የጠገበ ሆድም አይስማማትም፤ ቀለል ያለ ደረቅ ነገር ትቅመስ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚሠራው ከመነሳት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት ሲወሰድ ነው፤ መጠኑን ፋርማሲስት በክብደቷ ይንገርዎት። አብዛኛዎቹ ስለሚያስተኙ ሾፌሩ እንዳይነካቸው። ወጥሮ የሚይዝ ፌስታልና እርጥብ ጨርቅ ደግሞ እጅ የሚደርስበት ቦታ ይሁን፤ ጓዝ ሥር የተቀበረ ፌስታል ጊዜው ሲመጣ አይገኝም።

«መስኮት መክፈት ይሻላል ወይስ ማቀዝቀዣ?»

በዝግታ ሲሄዱ መስኮት፣ በፍጥነት ሲሄዱ ማቀዝቀዣ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ በሮቹን ከፋፍተው የታመቀውን ሙቀት ያስወጡ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን የውስጡን አየር በሚያዞረው ላይ ያድርጉት። ሲበርድ ወደ ውጭ አየር ይመልሱት፤ አምስት ሰው ተዘግቶ ያንኑ አየር ሲተነፍስ መስታወቱ ይጨልማል፣ ሾፌሩም ይደነዝዛል። «ለአምስት ደቂቃ ነው» ብላችሁ ልጅ መኪና ውስጥ ለምትተዉ ሁሉ፦ የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ ብቻ 10 ዲግሪ ገደማ ሊጨምር ይችላል፤ መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግም አያድነውም።

«ፖርቶመጋላው ላይ ያሰርነው ጓዝ ከ80 በላይ ስንነዳ እየጮኸ ጆሯችንን አደነቆረው።»

ጠፍጣፋው ማሰሪያ በንፋስ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሲያስሩት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይጠምዝዙት፣ ዝም ይላል። ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆመው ያጥብቁት። ጣሪያው የሚችለው ክብደት በመኪናው መመሪያ ላይ አለ፤ የፖርቶመጋላው ክብደት ራሱ ከዚያ ይቆጠራል። ከባዱ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ከኋላ ወንበር ጀርባ ይጠጋ፣ ጣሪያው ላይ ቀላሉ ይውጣ። ኋላው ሲከብድ የፊት መብራቱ ወደ ላይ ስለሚያይ የመብራት ማስተካከያውን ዝቅ ያድርጉ፤ ሌሊት ሰው ሁሉ የሚያበራብዎ በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

«ለ10 ቀን ቤቱን ዘግተን ልንሄድ ነው። ፍሪጁን እንዴት እናድርገው?»

ቶሎ የሚበላሸውን ጨርሱ ወይም ስጡ። ፍሪዘሩ የሚነቀል ከሆነ አራግፋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ ከተዘጋ ይሻግታል። ሥጋ ስላለበት የማይነቀል ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አስቀድማችሁ አጋግሩ፣ ከበረዶው ላይ ሳንቲም አስቀምጡና ሂዱ። ስትመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ መብራት ቢጠፋም ለአጭር ጊዜ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ወደ ታች ሰምጦ በረዶ ከዋጠው ግን ሁሉም ቀልጦ እንደገና ረግቷል፤ ሥጋው ምንም ባይሸትም ይጣል።