የባሊ ቤት ለደብረ ብርሃን ይሆናል?

ጥያቄ፦ የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ 500 ካሬ ሜትር የመኖሪያ ቦታ አለን። ባለቤቴ ደግሞ ሸዋ ሮቢት ከአባቱ የወረሰው ቦታ አለው። በኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት የተሠሩ ቅንጡ ቤቶችን ፎቶግራፍ ካየ ወዲህ፣ ሳሎኑ ግድግዳ የሌለው፣ መኝታ ክፍሎቹ በአትክልት መካከል ለየብቻ የቆሙ፣ የመዋኛ ገንዳ ያለው ቤት እዚሁ ደብረ ብርሃን ካልሠራን ይላል። እኔ ብርዱን እፈራለሁ። እንዲህ ያለ ቤት ዋናው ነገሩ ምንድን ነው? ከሁለቱ ቦታዎች ለየትኛውስ ይስማማል?
አንዲት አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። ባለቤትዎም የተመኙት ቤት መልካም ቤት ነው፤ የተሳሳቱት ቦታውን ይመስለኛል።

በባሊ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ በአጥር የተከበበ ግቢ ሲሆን፣ መኝታው፣ የእንግዳ መቀበያው፣ ማብሰያው፣ የእህል ማስቀመጫውና የጸሎት ቦታው ለየራሳቸው ጣራ አላቸው። ግድግዳ የሌለውን ወይም በከፊል ብቻ የተጋረደውን ቤት «ባሌ» ይሉታል፤ ከእኛው ባሌ ጋር ስሙ መግጠሙ አጋጣሚ ብቻ ነው። ፎቶግራፉ ላይ ያዩት ቤት ይህንኑ ግቢ ወስዶ ገንዳ፣ መስታወትና ውድ እንጨት የጨመረበት ነው። ለዚህ አሠራር መንገድ ከጠረጉት መካከል የስሪላንካው አርክቴክት ጄፍሪ ባዋ ይገኝበታል፤ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሉኑጋንጋ የተባለውን የቀድሞ የጎማ ዛፍ እርሻ፣ ቤቱ የቱ ጋ አብቅቶ አትክልቱ የቱ ጋ እንደሚጀምር ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ ለአሥርት ዓመታት ሲያበጀው ኖሯል። ለሸዋ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ የቀድሞው የመኳንንት ግቢም እልፍኙ፣ አዳራሹና ማድ ቤቱ ለየብቻ የቆሙበት ነበር።

ልዩነቱ የአየሩ ነው። በባሊ ዳርቻ ሌሊቱ ከቀኑ ብዙም ስለማይቀዘቅዝ፣ ወፍራም ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት በተኛው ሰው ላይ ይተፋል፤ ስለዚህ ግድግዳውን አንሥተው ነፋሱን አስገቡ። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥልባት ከተማ ናት፤ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባትም ለዚህች ከተማ የሚገባ ሆኖ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው የተጠላው ያ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነው። ሸዋ ሮቢት በ1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲቀንስ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ የጣርማበርን ቁልቁለት ወርደው ሲደርሱ ካፖርት የሚያስወልቅዎ ይኸው ነው። ክፍቱ ቤት የሚሠራው እዚያ ነው።

እዚያ ሲሠሩ ከሁሉ አስቀድሞ ጣራውን ያስቡ። እያንዳንዱ ቤት ረጅም ጎኑ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ በጣራ ክፈፍ ለመከላከል አስቸጋሪ ናት። የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ ክፈፉ በሁለቱም ጎን ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል መውጣት አለበት። የሣር ክዳን ካማራችሁ ጣራው ወደ 45 ዲግሪ ይሹል፤ ከዚያ ካነሰ ውኃው ሳይወርድ ሣሩ ውስጥ ይተኛና ያበሰብሰዋል። ማድ ቤቱን ግን ከሣር ክዳን ያርቁት። ምሰሶው አፈር ውስጥ ከተቀበረ ምስጥ ስለሚበላው በድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም፤ እንጨቱም ጽድ ወይም ወይራ ቢሆን ከባሕር ዛፍ ይልቅ ይቆያል። ፎቶግራፎቹ የማያሳዩት አንድ ነገር አለ፦ ከመኝታ ወደ ሳሎን የሚወስደው መንገድ ጣራ ከሌለው በሐምሌ ዝናብ በየቀኑ ትረግማላችሁ። ሸዋ ሮቢት የወባ አገር ስለሆነ ሳሎኑ ክፍት ቢሆንም መኝታው በወንፊት ይዘጋ፣ አጎበርም ይኑረው።

ገንዳ በደረቅ አየር ከባሊ ይልቅ ያቀዘቅዛል፤ አየሩ እርጥበት ባነሰው መጠን ውኃው በብዛት ይተንናልና። ይሁን እንጂ የውኃ አቅርቦታችሁን ሳታረጋግጡ አትቆፍሩ። ብትቆፍሩም ትንሽ፣ ጥላ ያለውና ውኃው የሚንቀሳቀስ ይሁን፤ የቆመ ውኃ የትንኝ መፈልፈያ ነው። ለአትክልቱ ማንጎ፣ ፓፓያና ሙዝ በቂ ናቸው፤ ከውጭ ተክል ማስመጣት ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

ደብረ ብርሃን ላይ የግቢውን ሐሳብ ብቻ ይውሰዱ፦ ቤቶቹ ተያይዘው በጓሮ ዙሪያ ይቁሙ፣ በደቡብ በኩል በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ይኑር፤ በብርዱ ወራት ፀሐይ በዚያ በኩል ገብታ ቀን ታሞቀዋለች። ሙዝ በውርጭ ስለሚሞት በግድግዳ ከለላ ኮባ ይትከሉ፤ ቅጠሉ የሙዝን ያህል ሰፊ ነው፣ ለድፎ ዳቦም ይሆናል። የመዋኛ ገንዳውን እዚያ ይርሱት።

የሸዋ ሮቢቱን ቤት በአንድ ጊዜ መጨረስ አያስፈልግም፤ ቤቶቹ ለየብቻ ስለሚቆሙ ዘንድሮ አንዱን፣ ከርሞ ሌላውን መሥራት ይቻላል። እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት ግን በግንቦት ሙቀት ቦታው ላይ ድንኳን ተክላችሁ ሦስት ሌሊት እደሩበት፤ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣና ሳሎኑ ወዴት መከፈት እንዳለበት ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።