መልስ፦ የጥላ አሻንጉሊቶቻችን ለምን ይደበዝዛሉ?

ችግሩ መብራቱ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የጅብና የአህያን ተረት ስታሳዩ ጥላው ደበዘዘ ያልከው ከሸምበቆ መብራቱ (ከረጅሙ ፍሎረሰንት) የመጣ ነው፤ አጥፉት። ብርሃኑ ከአንድ ትንሽ ነጥብ ካልወጣ የጥላው ጠርዝ ጥርት አይልም።

1. አንድ ትንሽ አምፖል ወይም የስልክ ባትሪ መብራት ከአቡጀዲው (ጥላው ከሚያርፍበት ነጭ ጨርቅ) ጀርባ ሁለት ሜትር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡ።

2. አሻንጉሊቱ አቡጀዲውን ይንካ። ወደ መብራቱ በተጠጋ ቁጥር ጥላው ይተልቃል፣ ይደበዝዛል። (ጅቡ ድንገት ሲመጣ ግን ሆን ብላችሁ ተጠቀሙበት፤ ልጆች ይጮኻሉ።)

በአለቃ ገብረ ሃና ቀልድ ላይ አለቃን ማንም አልለያቸውም ላልከው፣ ካርቶኑን ከፊት ሳይሆን ከጎን ቁረጡት። ከፊት ከሆነ አፍንጫውም ጢሙም ጥላው ውስጥ ይዋጣል፤ ድንች ነው የሚመስለው። ከጎን ግን ጥምጥሙና ጢሙ ብቻ ይበቃሉ። መቋሚያውንም ለብቻው ቆርጣችሁ በጃንጥላ ሽቦ አንቀሳቅሱት፤ ግማሹ ሳቅ እሱ ጋ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ መብራት ሲጠፋ ከአቡጀዲው ጀርባ ሻማም ኩራዝም እንዳትለኩሱ። የእናንተ አገር የማታ ንፋስ ጨርቁን እንደ ሸራ ሲነፋው አይቻለሁ። የታችኛውን ጠርዝ ጣውላ ላይ ወጥራችሁ በምስማር ምቱት፣ ተጠባባቂ ባትሪም ያዙ።