ግሱን አይዋጡት
የትወና ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከጅማ የመጡ ናቸው። በመድረክ «አዘጋጅ»፣ በፊልም «ዳይሬክተር» የምንለው ሰው ከተዋናይ የሚጠብቀው ተቀራራቢ ስለሆነ ሁለቱን ስሞች እያቀያየርን እንጠቀማለን።

ጥያቄ፦ ሦስት ዓመት በቲያትር ክበብ ተጫውቻለሁ። በቅርቡ ለፊልም ተፈትኜ አንዱን ክፍል ካቀረብኩ በኋላ ዳይሬክተሩ «ጥሩ ነው፤ አሁን ሳትናደድ በለው» አለኝ። ደግሜ አልኩት፤ ግን አልተመረጥኩም። ምን ፈልጎ ነው? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ባይጥመው ኖሮ «እናመሰግናለን» ብሎ ይሸኝዎ ነበር። ያስደገመዎት ሐሳቡን ቢለውጥ አብረውት መለወጥ ይችሉ እንደሆነ ለማየት ነው። ቤት ውስጥ መስታወት ፊት የተጠና አንድ አቀራረብ ብቻ ይዞ የሚመጣ ተዋናይ ለዳይሬክተር ከባድ ሸክም ነው። ምክንያቱም ቀረጻ ላይ ብርሃኑም፣ ቦታውም፣ አጠገቡ የሚቆመው ሰውም ቤት እንዳሰበው አይሆንም።

ብዙዎች እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ያንኑ ቁጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለሚደግሙት ነው። መንጋጋው እንደተወጠረ፣ ትከሻው እንደተሰቀለ ይቀራል፤ ቁጣው ድምፁን ቀነሰ እንጂ አልሄደም። መለወጥ ያለበት ፍላጎቱ ነው። ቃሉ «ብሬን መቼ ነው የምትመልስልኝ?» ቢሆን፣ ሲናደዱ የሚፈልጉት ማስፈራራት ነው። ሳይናደዱ ሲሉት መለመን ይችላሉ፤ ሰው ፊት ማሳፈርም ይችላሉ፤ ወይም ብሩ እንደማይመለስ አውቀው እንዲያው ለወጉ መጠየቅ። ጓደኛዎን ዓይኑን አስጨፍነው ያችኑ ዓረፍተ ነገር በሦስት ፍላጎት ይበሉለትና የትኛው የትኛው እንደሆነ ይንገርዎ። መለየት ካቃተው ገና ነዎት።

ቃልዎን ብቻ ሸምድደው የሚመጡ ከሆነም ይህ አይሳካም። የሚያናግርዎትን ሰው የመጨረሻ ሐረግ አብረው ያጥኑ፤ መልስዎ የሚነሳው ከዚያ ነውና። የባልደረባውን ቃል ሳይሰማ ተራውን የሚጠብቅ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ዓይኑ ላይ ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ አዳራሽ ውስጥ እየጮህኩ የኋላው ተመልካች አይሰማኝም። (ከአጋሮ በር)

መልስ፦ መጮሁን ይተዉት። አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ትንፋሽም የሚያልቀው መጨረሻ ላይ ነው። «የአባቴን መሬት ለጎረቤታችን…» ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማና «አልሸጥኩም» ጉሮሮ ውስጥ ትቀራለች። ተመልካቹ ሰውየው ይሽጥ አይሽጥ ሳይለይ ቀጣዩን ትዕይንት ያያል። አሉታዊ ግስ በተለይ ይጠፋል፤ የምታልቅባት «ም» ከንፈር ዘግታ የምትቀር ናትና።

ዓረፍተ ነገሩን ከጅራቱ ይለማመዱት። «አልሸጥኩም።» ከዚያ «ለጎረቤታችን አልሸጥኩም።» ከዚያ «የአባቴን መሬት ለጎረቤታችን አልሸጥኩም።» ቃል በጨመሩ ቁጥር ግሱ እንደ መጀመሪያው መጉላት አለበት። ትንፋሽ የሚስቡበትን ቦታ በእርሳስ ጽሑፉ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ሁልጊዜም ከዓረፍተ ነገሩ በፊት እንጂ ከግሱ በፊት አይሁን። ሲተነፍሱ ትከሻዎ ከተነሳ አየሩ ላይኛው ደረት ላይ ቀርቷል፤ ሆድና ጎን ነው መስፋት ያለበት። ልምምድ ላይ አንድ ሰው የመጨረሻው ረድፍ ይቀመጥና ግስ ባመለጠው ቁጥር እጁን ያንሳ። በሁለት ቀን ልዩነቱን ያዩታል።

ተመልካች ሲስቅ ደግሞ ሳቁ ሲጋጋል አይናገሩ፤ መርገብ ሲጀምር ይግቡ። እስኪጠፋ ከጠበቁ ትዕይንቱ ይቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ የመድረክ ተዋናይት ነኝ። ካሜራ ፊት ስቆም «ቲያትር አደረግሽው» ይሉኛል። (ከሂርማታ)

መልስ፦ ይህ አስተያየት ብዙ ጊዜ «አሳንሽው» ተብሎ ይተረጎማል፤ ውጤቱም ሞቶ የተቀመጠ ፊት ነው። ስሜቱ አይቀንስ። የሚቀንሰው ርቀቱ ነው፤ ለመጨረሻው ረድፍ ሲሉት የነበረውን አጠገብዎ ላለ አንድ ሰው ይበሉት።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የእጅ ጉዳይ ነው። የቡና ትዕይንት እንውሰድ፤ ለጅማ ሰው ቡና አይነገረውም። ትዕይንቱ መጀመሪያ በሰፊው ይቀረጻል፤ ከዚያ ያው ትዕይንት ከሌላ አቅጣጫ፣ ከዚያም ፊትዎ ብቻ በቅርበት። በመጀመሪያው ቀረጻ «ልጁ» ሲሉ ሲኒውን አንስተው፣ በሦስተኛው «መጣ» ካሉ በኋላ ቢያነሱት፣ አርታዒው ሁለቱን ሲያገናኝ ሲኒው በአየር ላይ ይታይና ወዲያው ረከቦቱ ላይ ይገኛል። ስለዚህ እንቅስቃሴን ከቃል ጋር ይሰሩት፦ በዚህ ቃል አነሳለሁ፣ ከዚህ ቃል በኋላ እጎነጫለሁ። መጀመሪያ ላይ ያበዙት እንቅስቃሴ ቀኑን ሙሉ የሚደግሙት ዕዳ ነው። ሲኒ ሲያስቀምጡም ቃል ላይ አይሁን፤ ኳኳታው ንግግሩን ያበላሸዋል። ደረት ላይ ትንሽ ማይክ ከተደረገልዎ ነጠላውን መሳብ ይተዉ፤ ኮሽታው ከድምፅዎ በላይ ይሰማል።

የሚቆሙበት ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግበታል። ዓይንን ወደ መሬት ልኮ መፈለግ የጀማሪ ምልክት ነው። ቀድመው ምልክቱ ላይ ይቁሙና ወደ መነሻዎ ወደኋላ እየሄዱ እርምጃ ይቁጠሩ፤ 5 ከሆነ በቀረጻው 5 ተራምደው ይደርሳሉ። በቅርበት ሲቀረጹ የባልደረባዎን ሁለት ዓይኖች አያፈራርቁ፤ ለካሜራው የቀረበውን አንዱን ይያዙ። እርሱ ከካሜራ ውጭ ሆኖ ሲናገር አፉ ላይ አይግቡበት፤ ሁለት ድምፅ ከተደራረበ አርታዒው መቁረጥ አይችልም። ቃል ቢስቱም «ይቅርታ» ብለው አያቁሙ። «ካት» የሚለው ዳይሬክተሩ ነው።

ጥያቄ፦ አፌን የፈታሁት በአፋን ኦሮሞ ነው። አነጋገሬ ያስጥለኛል? (ከጅሬን)

መልስ፦ ሁለት ቋንቋ ሀብት ነው፤ ዳይሬክተር የሚፈልገው ዘዬውን ሲፈለግ የሚያወጣ፣ ሳይፈለግ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። መጠንቀቅ ያለብዎት ማጥበቅና ማላላት ላይ ነው፤ የግዕዝ ፊደል አይነግርዎትምና። «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ ሰውየው መቺ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ተመቺ። በአፋን ኦሮሞም ልዩነቱን ያውቁታል፦ «በዳ» ላልቶ ክፉ፣ ጠብቆ ደጋ ነው። ጆሮው አለዎት ማለት ነው። ጽሑፍ እንደደረሰዎት አሻሚ ቃላትን ያስምሩና አዘጋጁን ይጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም፤ መድረክ ላይ መቺውን ተመቺ ማድረግ ግን ያስቃል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለፊልም ፈተና ራስህን በስልክ ቀርጸህ ላክ ተባልኩ፤ እንዴት? (ከቦሳ)

መልስ፦ ስልኩን አግድም አድርገው በዓይንዎ ከፍታ ላይ ያስደግፉት። መስኮቱ ከስልኩ በስተጀርባ፣ ብርሃኑ ፊትዎ ላይ ይሁን፤ መስኮቱ ከጀርባዎ ከሆነ ፊትዎ ይጠቁራል። ከጀርባ ባዶ ግድግዳ፣ ምስሉ ከደረት በላይ። የሌላውን ቃል የሚያነብልዎት ሰው ከስልኩ ጎን ተጠግቶ ይቁም፤ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፤ ማይኩ ለእርሱ ቅርብ ስለሆነ ያለበለዚያ እርስዎን ይውጥዎታል። አንድ የጽሑፍ ገጽ 1 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከ2 ደቂቃ አያስበልጡ። ስምዎን፣ ቁመትዎንና የሚኖሩበትን ከተማ መጀመሪያ ይናገሩ፤ ሙዚቃ አይጨምሩ። ክረምት ከሆነ ጠዋት ይቅረጹ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ምንም አይሰማም።