ጀልባዋ መልህቅ ጥላ ስታድር ባትሪው ለምን አያነጋም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጀርመን ነው። 10.5 ሜትር ርዝመት ያላት ባለሸራ ጀልባ ገዝተን በጋውን ከባለቤቴ ጋር በግሪክ ደሴቶች መካከል እናሳልፋለን። ሁለት ባለ100 አምፔር-ሰዓት ኤጂኤም (የታሸገ የሊድ) ባትሪና አንድ ባለ100 ዋት ሶላር አለን። ዘንድሮ ስታርሊንክ ሚኒ (የሳተላይት ኢንተርኔት መሣሪያ) ጨመርንበት። ከዚያ ወዲህ በሁለተኛው ሌሊት ፍሪጁ ይቆማል፣ ስታርሊንኩም በየደቂቃው እየጠፋ ይነሳል። ሦስተኛ ባትሪ ብንገዛ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሦስተኛ ባትሪ ችግሩን ወደ ሦስተኛው ሌሊት ይገፋዋል እንጂ አያስቀረውም። የጎደላችሁ ማጠራቀሚያ ሳይሆን ገቢ ነው። እንደ ቤት ወጪ ቁጭ ብላችሁ አስሉት።

ባለ12 ቮልት የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ሲሠራ 4.5 አምፔር ገደማ ይስባል። በኤጂያን ባሕር ሙቀት ከቀኑ 45 በመቶውን እንደሚሠራ ብንወስድ በ24 ሰዓት 49 አምፔር-ሰዓት (አምፔሩ በሚሠራበት ሰዓት ተባዝቶ) ይበላል። ስታርሊንክ ሚኒ በአማካይ 30 ዋት ቢወስድና ሌት ተቀን ክፍት ቢሆን 58 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ከፍሪጁ በለጠ ማለት ነው። ላፕቶፕ ለ3 ሰዓት 14፣ አምፖል፣ የውኃ ፓምፕ፣ ስልክና የመልህቅ መብራት አንድ ላይ 15። ድምሩ በቀን 136 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። ኤጂኤም ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይገባ፣ ከ200ው የምትጠቀሙበት 100 ብቻ ነው። ባለ100 ዋቱ ሶላር ደግሞ በቀን የ4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ቢሰጥ 30 አምፔር-ሰዓት ያስገባል። በየቀኑ ከ100 በላይ እየጎደላችሁ ነው። በዚያ ላይ ኤጂኤም የመጨረሻዋን 20 በመቶ የሚቀበለው ቀስ ብሎ፣ ሰዓታት ወስዶ ስለሆነ፣ «ሞልቷል» ብላችሁ የጀመራችሁበት ቀን ራሱ ምናልባት አልሞላም ነበር።

ስለዚህ ገንዘቡን መጀመሪያ ሶላር ላይ አውሉት። 400 ዋት በተመሳሳይ ስሌት 120 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ስታርሊንኩን ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 1 ሰዓት በማብሪያ ማጥፊያ ከዘጋችሁት ወጪው ወደ 117 ይወርዳል፣ ሒሳቡም ይገጥማል። ፓነሎቹን ሁለት ባለ200 ዋት አድርጋችሁ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኤምፒፒቲ ቻርጅ ኮንትሮለር (የፓነሉን ኃይል ለባትሪው የሚያስተካክል መሣሪያ) ስጧቸው። በተከታታይ ከተያያዙ የአንዱ ጥላ የሌላውንም ምርት ሊያወርድ ይችላል፤ በጀልባ ላይ ደግሞ የምሰሶው፣ የገመዱና የሸራው አግዳሚ እንጨት ጥላ መቼም አይጠፋም። ጠዋት ፀሐይ በምሥራቅ ሳለች አግዳሚውን በገመድ ወደ ምዕራብ ስቦ ማሰር ብቻ የሚታይ ለውጥ ያመጣል።

ቦታውን በተመለከተ ኤጂያን ራሱ ያግዛችኋል። በሐምሌና በነሐሴ የሚበረታው ሜልቴሚ የተባለው ነፋስ ከሰሜን ስለሚነፍስ፣ መልህቅ የጣለች ጀልባ አፍንጫዋን ወደ ሰሜን፣ ጀርባዋን ወደ ደቡብ አድርጋ ትቆማለች። ከኋላ በኩል በብረት ቅስት ላይ የተሰቀለ ፓነል እኩለ ቀን ላይ የምሰሶው ጥላ ሳይነካው ፀሐይ ያገኛል።

አሁን ወደ ስታርሊንኩ መጥፋትና መነሣት። እዚህ ላይ ጥፋተኛው ባትሪው ብቻ አይደለም፣ ሽቦውም ነው። መሣሪያው ከ12 እስከ 48 ቮልት ይቀበላል፤ ከ12 ሲያንስ ይዘጋል። ሲነሣ እስከ 60 ዋት ይጠይቃል፣ ይህም በ12 ቮልት 5 አምፔር ነው። ከባትሪው እስከ መሣሪያው 8 ሜትር ቢሆን የደርሶ መልስ 16 ሜትር መዳብ ነው። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ መንገድ ላይ 0.93 ቮልት ይቀራል። ሌሊት ባትሪው 12.2 ላይ ሲሆን መሣሪያው ጋ የሚደርሰው 11.3 ነው። ይዘጋል፤ ጭነቱ ሲቀንስ ቮልቱ ይነሣል፤ መሣሪያውም ይነሣና እንደገና ይዘጋል። ብዙ ሰው 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በመቀየር ይገላገለዋል ብሎ ያስባል፤ ያኔም 0.35 ቮልት ስለሚቀር ከ12 በታች ነው የሚደርሰው። የሚሻለው ቮልት የሚጨምር ኮንቨርተር ባትሪው አጠገብ አስገብቶ 24 ቮልት መላክ ነው። አምፔሩ በግማሽ ስለሚቀንስ በዚያው በቀጭኑ ሽቦ የሚጠፋው ግማሽ ቮልት ያህል ብቻ ይሆናል፤ ለ24 ይህ ምንም አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ። መልቲሜትሩን ጭነቱ በርቶ እያለ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ዕቃው መሰኪያ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከ0.4 ቮልት ከበለጠ ሽቦው ቀጥኗል ወይም አንዱ መጋጠሚያ በጨው ተበልቷል። መጋጠሚያው አረንጓዴ ብናኝ ካለበት አትፋቁት፣ ቆርጣችሁ በቆርቆሮ በተለበጠ መዳብ ቀይሩት። ፍሪጁንም በዚሁ መንገድ ፈትሹት። በዳንፎስ ኮምፕሬሰር መቆጣጠሪያ ላይ ከፋብሪካ የተቀመጠው ገደብ 10.4 ቮልት ላይ መዝጋት፣ 11.7 ላይ መልሶ መክፈት ነው። ስለዚህ ቀጭን ሽቦ ያለው ፍሪጅ ባትሪው ገና ሳያልቅ ይቆማል፣ ቶሎም አይመለስም።

ጥያቄ፦ ኤጂኤሙን በሊቲየም መቀየር እፈልጋለሁ። የሞተሩ ዲናሞ ባለ80 አምፔር ነው። በቀጥታ ላያይዘው?

መልስ፦ በፍጹም በቀጥታ አያይዙ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተሰጠውን ሁሉ ሳያመነታ ይቀበላል። ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሲዞር የዲናሞው ማራገቢያም ቀስ ስለሚል የሽቦ ጥቅሉ ይግላል፣ ይቃጠላል። ሌላው አደጋ የባትሪው መከላከያ፣ ቢኤምኤስ የሚባለው፣ ሞተሩ እየሠራ ድንገት ሲቆርጥ ነው። ዲናሞው መሄጃ አጥቶ ቮልቱ ይዘላል፣ ዳዮዶቹም ይበላሻሉ። የማስነሻ ባትሪው ሊድ እንደሆነ ይቆይ፣ ዲናሞው እሱን ይሙላ፤ ከእሱ ወደ ሊቲየሙ ባለ30 አምፔር ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር (ከአንዱ ባትሪ ወደ ሌላው አምፔሩን ገድቦ የሚሞላ መሣሪያ) አስገቡ። ሁለት ሰዓት በሞተር ሲጓዙ እስከ 60 አምፔር-ሰዓት ያገኛሉ።

የመሙያ ቮልቱን 14.2፣ የማቆያውን 13.5 አድርጉ፤ በሶላር ኮንትሮለሩ ላይ የቆየውን የኤጂኤም ማስተካከያ አትተዉት። ፊውዙ ክላስ ቲ ይሁን፣ ከባትሪው ፖዘቲቭም ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ አይራቅ፤ ሊቲየም ሾርት ሲያደርግ የሚለቀው አምፔር ተራ ፊውዝን ቀልጦም ቢሆን በእሳት ብልጭታ ያልፈዋል። የሊቲየም ቮልት እስከ መጨረሻው ብዙም ስለማይንቀሳቀስ ቮልቱን አይቶ ስንት እንደቀረ ማወቅ አይቻልም፤ ሻንት (የሚገባና የሚወጣውን አምፔር የሚለካ ክፍል) ያለው የባትሪ ሞኒተር ግድ ነው። የሁሉም ዕቃ ኔጋቲቭ በሻንቱ ይለፍ። አንድ ሽቦ እንኳ በቀጥታ ከባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ከታሰረ ሞኒተሩ እሱን አይቆጥርም፣ ቁጥሩም በየቀኑ ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ካስቴሎሪዞ አካባቢ ሳለሁ ግሪክ ውስጥ ሆኜ የቱርክ ኔትወርክ ሒሳብ መጣብኝ። ሲሜ የጀርመን ነው።

መልስ፦ ደሴቲቱ ከቱርክ ጠረፍ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፤ ስልክ ደግሞ የበረታውን ምልክት ይይዛል። ከሰኔ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ተጨማሪ የሮሚንግ ክፍያ የለም፣ ቱርክ ግን በዚህ ውስጥ አትገባም። በስልኩም በራውተሩም ላይ የኔትወርክ ምርጫውን ከአውቶማቲክ ወደ ማኑዋል ቀይራችሁ የግሪክ ኦፕሬተር ቆልፉ። ኮስና ሮድስ ዙሪያም እንዲሁ አድርጉ። በጋውን ሙሉ ከጀርመን ውጭ ለምትቆዩ ደግሞ ኦፕሬተሩ የ4 ወር አጠቃቀም አይቶ አብዛኛው በውጭ ከሆነ አስጠንቅቆ ማስከፈል ይችላል፤ የግሪክ ሲም መያዝ ይሻላል።

ራውተሩ አንቴና ከኖረው ገመዱን አሳጥሩ። ቀጭን የአንቴና ገመድ 10 ሜትር ሲሆን ከምልክቱ ከግማሽ በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ምሰሶ ጫፍ ከተሰቀለ ትልቅ አንቴና ይልቅ ራውተሩ አጠገብ ያለ ትንሽ አንቴና የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። የአየር ትንበያውን መልህቅ ከማንሣታችሁ በፊት አውርዳችሁ ያዙ። የቪኤችኤፍ ሬዲዮው የራሱ ሽቦና ፊውዝ ይኑረው፣ ኢንተርኔቱ ሲዘጋም የባሕር የአደጋ ጥሪ በሚተላለፍበት ቻናል 16 ላይ ክፍት ሆኖ ይቆይ።