ቀድሞ የጨረሰ የማያሸንፍበት የእርሻ ውድድር

ጥያቄ፦ በአየርላንድ የእርሻ ውድድር ቪዲዮ ላይ አራሾቹ በየመሀሉ ከትራክተር እየወረዱ መሬቱን በሜትር ሲለኩ አየሁ። ዳኛው ነጥብ የሚሰጠው ምን አይቶ ነው?

መልስ፦ ፍጥነት ነጥብ የለውም፤ ሰዓቱን ላለማሳለፍ ብቻ ነው። በዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያው ፈር 20 ደቂቃ፣ ለቀሪው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሰጣል። አራሹ ችካል ተክሎ፣ ዓይኑን ከሩቁ ችካል ሳይነቅል ፈሩን ይቀዳል። ዳኛው የፈሩን ቀጥተኛነትና መሬቱ ከሥሩ መቆረጡን ያያል፤ ሳይቆረጥ የቀረ ካለ አረሙ ከዚያው ይበቅላል። ቀጥሎ አፈሩ ከሁለት ወገን ወደ ፈሩ ተመልሶ ይገለበጣል። እዚህ ላይ የሚሠራው ጀርባ (ከሁለት ወገን የተገለበጠው አፈር የሚገናኝበት) ከሌላው እርሻ ከፍ ማለት የለበትም።

ብዙ አራሽ የሚሸነፈው ግን መጨረሻው ላይ ነው። ያልታረሰው መሬት እየጠበበ ሲሄድ አንዱ ጫፍ ከሌላው 10 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ፣ የመጨረሻው ምልልስ በአንድ በኩል ባዶ ይሄዳል፣ በሌላው በኩል ሳይታረስ የሚቀር ይተርፋል። ሜትሩ ለዚህ ነው። ልዩነቱ ቀደም ብሎ ከተገኘ በበርካታ ምልልስ ተከፋፍሎ ይስተካከላል፤ በአንዴ ላስተካክል ያለ ፈሩን ያጣምማል፣ ጥመቱም ከሩቅ ይታያል። የመዝጊያው ፈር ጠባብና ጥልቀት የሌለው እንዲሆን የመጨረሻዎቹ ምልልሶች በጥልቀት እየቀነሱ ይታረሳሉ።

ጥያቄ፦ በትራክተር ሳርስ የሳር ቅሪቱ በየፈሩ መሀል ብቅ ይላል። ጥፋቱ ምን ላይ ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ ጥልቀቱን ይለኩ። 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ፈር 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይበቃዋል፤ ከዚያ ከጠለቀ አፈሩ በጠርዙ ይቆማል፣ አንዳንዴም ተመልሶ ይወድቃል። ከዚያ ከዋናው ማረሻ ፊት ያለችውን ትንሿን ማረሻ ይዩ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ገብታ የሳሩን ጠርዝ ቆርጣ ወደ ፈሩ ሥር ካልጣለች ሳሩ ከላይ ይቀራል። የፈሩን ግድግዳ የሚቆርጠው ክቡ ቢላም ከማረሻው ጫፍ 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ወዳልታረሰው ወገን ወጣ ማለት አለበት፤ አለዚያ የፈሩ ግድግዳ ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ በበሬ የሚያርስ ገበሬ በዚህ ሚዛን ይዳኛል?

መልስ፦ በፈሩ ቀጥተኛነት አዎ፤ በግልበጣው አይሆንም። የእኛ ማረሻ አፈሩን ሰንጥቆ ወደ ሁለት ጎን ይገፋል እንጂ አይገለብጥም። በግምሳ (በመጀመሪያው እርሻ) ጊዜ በየትልሙ መካከል ሳይነካ የሚቀረው መሬት የአራሹ ስንፍና አይደለም፤ ቀጣዩ እርሻ አግድም የሚሆነውም ይህንኑ ለመቁረጥ ነው።