ያልተጻፈውን የሚያነብ አንባቢ

ጥያቄ፦ በፊሊፒንስ የሚነገረው የሃኑኖኦ ቋንቋ አናባቢዎቹ ሦስት ብቻ እንደሆኑ፣ ፊደሉም ቀለምን (ክፍለ ቃልን) የሚዘጋውን ተነባቢ እንደማይጽፍ ሰማሁ። ቋንቋው በድምፅ ደሃ ነው ማለት ነው? አንባቢውስ ቃሉን በምን ይለያል?

መልስ፦ ሃኑኖኦ በሚንዶሮ ደሴት ደቡብ የሚኖር፣ ከማንግያን ሕዝቦች የአንዱ ቋንቋ ነው። አናባቢዎቹ በእርግጥ ሦስት ናቸው፤ «አ»፣ «ኢ» እና «ኡ»። «ኡ» እና «ኦ» የቃል ፍቺ ስለማይለዩ፣ አንዱ በሌላው ቦታ ቢሰማ ተናጋሪው ግድ የለውም። ድህነት ግን አይደለም፤ «እንግዳ» ስንል ከ«ግ» በፊት በአፍንጫችን የምናሰማው ድምፅ በእነርሱ ዘንድ ራሱን የቻለ ተነባቢ ነው፣ የራሱም ፊደል አለው። በስማቸው መጨረሻ በ«ኖ» እና በ«ኦ» መካከል ጉሮሮ ለቅጽበት የሚዘጋበት ድምፅም እንዲሁ ተነባቢ ሆኖ ይቆጠራል።

በቢላ ጫፍ ቀርከሃ ላይ የሚቀረጸው ፊደላቸው ከእኛ ጋር ይቀራረባል። እያንዳንዱ ተነባቢ በራሱ «አ»ን ይዞ ይነበባል፤ ጭረት ሲጨመርበት ወደ «ኢ» ወይም ወደ «ኡ» ይለወጣል። ሳድስ ግን የላቸውም፤ ስለዚህ «አምባሃን» የሚለው ቃል በሦስት ፊደላት «አባሃ» ተብሎ ይጻፋል፣ «ም» እና «ን» ለአንባቢው ይቀራሉ። አምባሃን በየስንኙ ሰባት ቀለም ያለው፣ ቤት የሚመታ ግጥማቸው ነው። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፊደል ስለሚደርሰው፣ የተጻፈው ስንኝ ሰባት ፊደል ይሆናል። ቤት መምታቱም የቀረውን የመጨረሻ ተነባቢ ለመገመት የሚያግዝ ይመስለኛል።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። «ገና» የሚለውን ቃል በዓሉን ለማለት አጥብቀን፣ «ገና አልመጣም» ስንል ደግሞ አላልተን የምናነበው በፊደሉ ተመርተን ሳይሆን ቋንቋውን ስለምናውቅ ነው። የእነርሱ አንባቢ የሚሞላው ከእኛ ይበዛል እንጂ ሥራው አንድ ነው።

በኋላ አንቶን ፖስትማ የተባሉ ሆላንዳዊ ምሁር አናባቢውን የሚያስቀር ምልክት ወደ ጽሕፈቱ አስገቡ፤ በዚህ ምልክት «አምባሃን» ከነ«ም»ና «ን» ሊጻፍ ይችላል።